የፋይበር ሲሚንቶ የውጭ ግድግዳ ልባስ አመራረጥ፦ ከግድግዳው ምርመራ እስከ ቀለሙ

ለቤቱ ውጫዊ ግድግዳ ፋይበር ሲሚንቶ ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመልኩ ነው። የእንጨት መስመር ያለው ይሁን ልሙጥ? ግራጫ ይሻላል ነጭ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ተራቸው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ልባሱ ለአሥርት ዓመታት መቆየቱን ወይም በጥቂት ዓመታት ጠርዙ ማበጡን የሚወስኑት ከጀርባው ያለው ግድግዳ፣ የዝናብ ውሃ የሚወጣበት መንገድና የተቆረጠው ጠርዝ አያያዝ ናቸው። ቦርዱ ራሱ እምብዛም አይከዳም፤ የሚከዳው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ምርጫው ከውስጥ ወደ ውጭ ቢሄድ ይሻላል፦ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ቦርዱና አጨራረሱ፣ ከዚያ ብዛቱና አገጣጠሙ።

ቦርዱ ከምን ይሠራል? ድክመቱስ የት ነው?

ፋይበር ሲሚንቶ የሚሠራው ከፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ በደቃቁ ከተፈጨ አሸዋ፣ ከእንጨት ከሚወጣ የሴሉሎስ ክርና ከውሃ ነው። ቅልቅሉ እንደ ወረቀት በስስ በስሱ ተነጥፎ ይደራረባል፣ ይጨመቃል፣ ብዙ አምራቾችም ከፍተኛ ግፊት ባለው የእንፋሎት ክፍል ውስጥ ያበስሉታል። የማደራረብ ዘዴው ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ሃቼክ እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት አሠራር የወረደ ነው። በዚያን ጊዜ ክሩ አስቤስቶስ ነበር። አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠ በኋላ ሴሉሎስ ቦታውን ተክቶታል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ቦርዱ ንብርብር ስለሆነ ፊቱ ጠጣርና ውሃ የሚቋቋም ሲሆን፣ ሲቆረጥ ግን የንብርብሮቹ ጫፍ ይከፈታል። ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው። የጠጣው ውሃ በብርድ ወደ በረዶ ሲለወጥ ንብርብሮቹን ይገፋፋቸዋል፣ ጠርዙ ያብጣል፣ ከዚያም እንደ ገጽ መገላለጥ ይጀምራል። ከታች ደጋግመን ስለ ጠርዝ የምናነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦርዱ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም፣ እሳትም አያቀጣጥለውም። ከጀርባው ያለው እንጨት ግን ይበሰብሳል፣ ይቃጠላልም። ሙቀትና ብርድን በመከላከልም የ8 ሚ.ሜ. ቦርድ አስተዋጽኦ ከቁጥር አይገባም፤ መከላከያ ካስፈለገ ለብቻው ከጀርባ መግባት አለበት።

ግድግዳውን መመርመር

ቤቱ አሮጌ ከሆነና ነባር የሲሚንቶ ሉህ ለብሶ ከሆነ፣ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ናሙናው ላቦራቶሪ ይታይ። ሉሁ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አይቁረጡት፣ አይስበሩት፣ አይቦርቡሩት። በዓይን መለየት አይቻልም፤ ከዘመናዊው ጋር አንድ ዓይነት መልክ አለው።

ቀጥሎ የቋሚዎቹን (ግድግዳውን የሚሸከሙትን ቀጥ ያሉ እንጨቶች) ርቀት ይለኩ፤ ከአንዱ ቋሚ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል። ብዙውን ጊዜ 400 ወይም 600 ሚ.ሜ.፣ በኢንች በሚሠራበት አገር ደግሞ 406 ወይም 610 ሚ.ሜ. ሆኖ ያገኙታል። የ6 እና የ10 ሚ.ሜ. ልዩነት ቀላል ይመስላል። ግን በገበያ ያለው ረጅም ቦርድ አንዱ ዓይነት 3.6 ሜትር፣ ሌላው 3.66 ሜትር ነው። 3.6 ሜትሩ ለ400 እና ለ600 በትክክል ይካፈላል፤ 3.66ቱ ደግሞ ለ406 እና ለ610። ካቀላቀሉት የቦርዱ ጫፍ ቋሚው ላይ ስለማያርፍ እያንዳንዱን ቦርድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ግድ ይሆናል። ያ ማለት በፋብሪካ የታሸገውን ጠርዝ በመቶ ጊዜ እየቆረጡ መጣል ማለት ነው። የቦርዱን ርዝመት ከቋሚው ርቀት ጋር ማስማማት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ ግድግዳው ላይ በአግድም፣ በቁመትና በሰያፍ ያስደግፉ። ከዘንጉ በታች ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ክፍተት ከታየ በሞራሌና በስስ ሽብልቅ ይስተካከል። ፋይበር ሲሚንቶ ጠማማ ግድግዳ አይደብቅም፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጉብታውን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል።

የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆኑን በእርጥበት መለኪያ ያረጋግጡ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሚስማሩን ይለቃል፣ ቦርዱንም ይጎትታል። ክብደቱንም ያስቡ። 8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ቦርድ በካሬ ሜትር ከ11 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ግድግዳው የብሎኬት ወይም የጡብ ከሆነ ይህ ችግር አይደለም፤ ሞራሌ በብሎንና በፊሸር ታስሮ ቦርዱ በላዩ ይመታል። ቀጭን የእንጨት ግድግዳ ከሆነ ግን ጭነቱን ባለሙያ ይመልከተው።

ከዚያ ስለ አየር ክፍተቱ ይወስኑ። የትኛውም ልባስ ሙሉ በሙሉ ውሃ አያቆምም። ነፋስ የሚገፋው ዝናብ በመገጣጠሚያና በመስኮት ዙሪያ ጥቂት ይገባል። የገባው ውሃ የሚወርድበትና የሚደርቅበት ቦታ ካጣ በእንጨቱ ላይ ይከርማል። መፍትሔው ግድግዳውን እንፋሎት በሚያስወጣ ውሃ መከላከያ ሽፋን መሸፈን፣ በላዩ ቋሚዎቹን ተከትሎ በቁመት ሞራሌ መምታት፣ ቦርዱን ደግሞ በሞራሌው ላይ ማሰር ነው። 10 ሚ.ሜ. ክፍተት ውሃን ያወርዳል፤ 20 ሚ.ሜ. ሲሆን አየርም በደንብ ይዘዋወርበታል። ከታችና ከላይ ክፍት ይሁን፤ ከታች በኩል ነፍሳት እንዳይገቡ የሽቦ ወንፊት ይደረግበት። አንዳንድ አምራቾች ያለ ክፍተት በቀጥታ መምታትን ይፈቅዳሉ። ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ግን ለሞራሌ የሚወጣው ወጪ ከሁሉም ወጪ በላይ የሚያዋጣ ነው ብለን እናምናለን።

ሽፋኑ ሲነጠፍ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላይኛው የታችኛውን ቢያንስ 150 ሚ.ሜ. ይደርብ። የተገለበጠ አደራረብ ውሃን ወደ ውስጥ ይጋብዛል።

የትኛው ቅርጽ?

አግድም ተደራራቢው ቦርድ ለመኖሪያ ቤት በጣም የተለመደው ነው። ስፋቱ ከ130 እስከ 300 ሚ.ሜ. አካባቢ ይደርሳል። የላይኛው የታችኛውን ስለሚደርብ የአገጣጠም ስህተትን ይቅር ይላል፤ አንድ ቦርድ ቢሰበርም ለብቻው ይለወጣል። በሥራው አዲስ ለሆነ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

1.2 በ2.4 ሜትር ወይም ከዚያ የሚረዝመው ትልቅ ሉህ ግድግዳውን ቶሎ ይሸፍናል፣ መገጣጠሚያውም ጥቂት ነው። ነገር ግን ለአንድ ሰው ይከብዳል፣ አራቱም ጠርዞቹ የሚያርፉበት ቋሚ ይፈልጋል፣ አግድም መገጣጠሚያው ደግሞ የዜድ ቅርጽ ባለው ላሜራ ካልተጠበቀ የውሃ መግቢያ ይሆናል። ቁመቱ ከአንድ ሉህ የማይበልጥ ግድግዳ ላይ ጥሩ ምርጫ ነው።

ትናንሽ ጥፍጥፎቹ ለሦስት ማዕዘን የጣሪያ ግንባር ያምራሉ፤ ብዙ መቁረጥና ብዙ ሚስማር ይጠይቃሉ። በአሉሚኒየም ወይም በብረት መደርደሪያ ላይ በክፍት መገጣጠሚያ የሚታሰሩት በከፍተኛ ግፊት የተጨመቁ ትላልቅ ሉሆች ደግሞ ሌላ ሙያ ናቸው፤ የሰለጠነ ገጣሚ ከሌለ ባይሞከሩ ይሻላል።

ደረጃውን ማንበብ

ሻጩ የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ያሳይዎት። ከሌለው ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። በአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 12467 ለዝናብና ለፀሐይ በቀጥታ ለሚጋለጥ ግድግዳ የሚፈለገው ምድብ ኤ ነው፤ ሌሎቹ ምድቦች ለተጠለለ ቦታ ወይም ለቤት ውስጥ የታሰቡ ናቸው። በዚያው መስፈርት የጥንካሬ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ይሄዳል። ደረጃ 2 የ7፣ ደረጃ 3 የ13፣ ደረጃ 4 የ18 ሜጋ ፓስካል የመታጠፍ ጥንካሬ ያመለክታል። በአሜሪካው ኤኤስቲኤም ሲ1186 ደግሞ ለውጭ የሚሆነው ዓይነት ኤ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስህተት ለሴራሚክ ማንጠፊያ የተሠራውን የመታጠቢያ ቤት ሲሚንቶ ቦርድ ወስዶ ውጭ መለጠፍ ነው። በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ቦርድ ግን ለፀሐይ፣ ለዝናብና ለቅዝቃዜ መፈራረቅ አልተሠራም።

በእሳት ረገድ በአውሮፓው አመዳደብ ጥሩ ቦርድ ኤ2-ኤስ1፣ ዲ0 ተብሎ ይመደባል፤ እምብዛም የማይቃጠል፣ ጭሱ ጥቂት፣ የሚነድ ጠብታም የማይጥል ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን “ከአስቤስቶስ ነፃ” የሚለው በጽሑፍ ይኑር። በቃል ብቻ የተሰጠ ማረጋገጫ አይበቃም።

መጋዘን ውስጥ ከጥቅሉ መሃል አንድ ቦርድ አስወጥተው ይመልከቱ፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ የተመረጠው ነው። ጠርዙን በጥፍርዎ ይፈግፍጉት፤ ንብርብሩ ከተላጠ ወይም ነጭ ዱቄት ከበዛ ቦርዱ ረጥቦ ነበር ማለት ነው። ትልቅ ሉህ ከሆነ ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ፤ ልዩነቱ በዛ ካለ ሉሁ ማዕዘኑን አልጠበቀም፣ ግድግዳ ላይ መስመሩ ይሸሻል። ሁለት ቦርዶችን ፊት ለፊት ገጥመው ስፋታቸውን ያነጻጽሩ። የምርት ቁጥሩም በሁሉም ጥቅል ላይ አንድ ይሁን፤ በተለይ ቀለም የተቀባ ሲሆን ከተለያየ ምርት የመጣው ጎን ለጎን ሲሆን ይታወቃል።

አጨራረሱ

እውነተኛው የገንዘብ ውሳኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያልተቀባ ጥሬ ቦርድ በመግዣው ርካሽ ነው፤ ግን አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) እና ሁለት እጅ ቀለም ይፈልጋል። ሲሚንቶው አልካሊ ስለሆነ ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ከተቀባበት ይላጣል። ፕራይመር የተቀባው የዚህን ሥራ ግማሽ ያቀልልዎታል፤ ሆኖም ያለ ቀለም ረጅም ጊዜ አይቆይም። አምራቾች በብዛት የሚሰጡት የጊዜ ገደብ ከተገጠመ በኋላ 180 ቀን ነው። ዝናብ ሳይመጣ ቢቀባ ግን ይመረጣል።

በፋብሪካ ቀለም የተቀባው በምድጃ የደረቀ በመሆኑ በቦታው ከሚቀባው ይልቅ ይጠነክራል። ዋጋው ይጨምራል፤ ለሦስት እጅ ቅብ የሚከፈለውን ጉልበትና የእንጨት መወጣጫ ኪራይ ሲያስቡት ግን ልዩነቱ ይጠባል። ጉዳቱ ጭረትን በጥንቃቄ መጠገን ማስፈለጉና የቀለም ምርጫው ውስን መሆኑ ነው። ጥቁርና ድፍን ቀለም ፀሐይ በሚበዛበት ግድግዳ ላይ ፈጥኖ ይደበዝዛል፣ ቦርዱንም ያሞቀዋል፤ ፈዘዝ ያለው ዕድሜ አለው። ቀለሙ ከሲሚንቶው ጋር አብሮ የተቦካው አራተኛው ዓይነት ደግሞ ሲቆረጥም ያው ነው። የተፈጥሮ የቀለም መለዋወጥ ስላለው አንድ ወጥ ግድግዳ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም።

ዋስትናውን ሲያነቡ የቦርዱንና የቀለሙን ለይተው ይያዙ። ለቦርዱ 30 ዓመት የሚሰጥ አምራች ለፋብሪካ ቀለሙ 15 ዓመት ብቻ ሊሰጥ ይችላል። ከመሬት ያለው ርቀት ካልተጠበቀ፣ የሚስማሩ ዓይነት ከተቀየረ ወይም የተቆረጠው ጠርዝ ካልታሸገ ዋስትናው የሚፈርስበት አንቀጽም ከታች በኩል ይገኛል። ከመግዛትዎ በፊት የመግጠሚያ መመሪያውን ማንበብ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች የተለመዱት ናቸው፤ የገዙት ቦርድ መመሪያ የተለየ ልክ ከሰጠ የሚገዛው እሱ ነው።

ብዛቱን ማስላት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቦርዱን በሙሉ ስፋቱ በማስላት ነው። ተደራራቢ ቦርድ የሚሸፍነው ከመደረቢያው ውጭ የሚታየውን ያህል ብቻ ነው። መደረቢያው ቢያንስ 32 ሚ.ሜ. ይሁን።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቦርዱ 210 ሚ.ሜ. ስፋትና 3.6 ሜትር ርዝመት አለው፤ የሚለበሰው የግድግዳ ከፍታ 2750 ሚ.ሜ. ነው። መጀመሪያ ረድፉን እናስተካክል። ከከፍታው ላይ አንድ ሙሉ ቦርድ ሲቀነስ 2540 ሚ.ሜ. ይቀራል። በዝቅተኛው መደረቢያ የሚታየው ስፋት 178 ሚ.ሜ. ስለሆነ 2540 ለ178 ሲካፈል 14.27 ይመጣል። ወደ ላይ አጠጋግተን 15 እንበል። 2540 ለ15 ሲካፈል 169 ሚ.ሜ. ግድም ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ ረድፍ 169 ሚ.ሜ. ይታያል፣ 41 ሚ.ሜ. ይደረባል፣ በጠቅላላው 16 ረድፍ ይሆናል። ጣሪያው ሥር የምትገባ ቀጭን ቁራጭ አትኖርም። ይህን ስሌት ሳይሠራ የጀመረ ገጣሚ መጨረሻ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይዞ ይቆማል፤ የሚመታበት ቦታ የሌለው ቁራጭ ደግሞ ይሰነጠቃል።

አሁን ብዛቱ። የግድግዳው ጠቅላላ ስፋት 120 ካሬ ሜትር፣ የበርና የመስኮቱ 18 ካሬ ሜትር ቢሆን 102 ይቀራል። 10 በመቶ ለብክነት ሲጨመር 112.2 ካሬ ሜትር። አንድ ቦርድ የሚሸፍነው 3.6 ሲባዛ በ0.169፣ ማለትም 0.608 ካሬ ሜትር ነው። 112.2 ለ0.608 ሲካፈል 184.5፤ ስለዚህ 185 ቦርድ ይገዛሉ። በሙሉ ስፋቱ ያሰላ ሰው 149 ቦርድ ገዝቶ 36 ይጎድለዋል፤ ተመልሶ ሲሄድ የሚያገኘው ደግሞ የሌላ ጊዜ ምርት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሦስት ማዕዘን ግንባርና መስኮት ያለው ቤት ላይ ብክነቱን 15 በመቶ ያድርጉት።

ቋሚዎቹ በ400 ሚ.ሜ. ከሆኑ ለአንድ ቦርድ 10 ሚስማር ይሄዳል፤ 1850፣ ከመጠባበቂያው ጋር 2000። አንዱ ቦርድ 8.7 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጠቅላላው ጭነት ከ1600 ኪሎ ይበልጣል። የሚወርድበትን ቦታ አስቀድመው ያዘጋጁ። ከዚህ ሌላ የማዕዘንና የመስኮት ዙሪያ ክፈፍ፣ የውሃ መመለሻ ላሜራ፣ ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጀርባ የሚገባ 150 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ቁራጭ ላሜራ፣ የጠርዝ ፕራይመርና የሚቀባ ማሸጊያ በዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ። ሥራ የሚያስቆሙት ብዙ ጊዜ እነዚህ ትናንሽ ነገሮች ናቸው።

ማስቀመጥና መሸከም

ቦርዱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በተቀራረቡ ጠፍጣፋ አግዳሚዎች ላይ ተኝቶ፣ በሸራ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ሸራው አየር የሚገባበት ይሁን። ረጥቦ የተገጠመ ቦርድ ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲደርቅ ያጥራል፤ መገጣጠሚያው ይከፈታል፣ ማሸጊያውም ይቀደዳል። በኋላ ላይ “ቦርዱ መጥፎ ነው” የሚባለው አብዛኛው ክፍተት የሚመጣው ከዚህ ነው። የረጠበ ካለ እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ሲሸከሙት በጠርዙ አቁመው ለሁለት ይያዙት። አንድ ሰው መሃሉን ይዞ አግድም ካነሣው በራሱ ክብደት ይጎብጥና ይሰበራል፤ ወይም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ግድግዳ ላይ ይወጣል።

መቁረጥና አቧራው

አቧራው ቀልድ አይደለም። በቦርዱ ውስጥ ያለው አሸዋ ሲፈጭ ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባ ክሪስታላይን ሲሊካ ይወጣዋል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ አይድንም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ይህን አቧራ ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ አስገብቶታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በ8 ሰዓት አማካይ የሚፈቅደው በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የሚታይ ደመና ካለ ከዚያ በእጅጉ ታልፏል።

ስለዚህ፦

1. ቀጥታ መቁረጥ በተቻለ ሁሉ በካርባይድ ጫፍ ቢላ ሁለት ሦስት ጊዜ ጭረው ይስበሩት፤ ወይም ለፋይበር ሲሚንቶ የተሠራ መቀስ ይጠቀሙ። ሁለቱም አቧራቸው ጥቂት ነው።
2. ክብ መጋዝ ካስፈለገ ጥርሱ ከ4 እስከ 8 የሆነ የአልማዝ ጫፍ ምላጭ ይሁን፤ ከአቧራ መሳቢያ ጋር ይያያዝ። ብዙ ጥርስ ያለው የእንጨት ምላጭ ፈጥኖ ይደንዛል፣ አቧራውንም ያደቅቀዋል።
3. በግራይንደር አይቁረጡ። ከሁሉ የከፋውን ደመና የሚያስነሣው እሱ ነው።
4. ውጭ፣ ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይቁረጡ። ሌላ ሰው በነፋሱ አቅጣጫ እንዳይቆም። ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ3 ጭንብል ፊት ላይ በደንብ ገጥሞ ይደረግ፤ የጨርቅ ጭንብል አይረዳም።
5. አቧራውን በደረቁ አይጥረጉ። ውሃ ይርጩበት ወይም ረቂቅ ማጣሪያ ባለው መሳቢያ ይሰብስቡት።

እያንዳንዱ የተቆረጠ ጠርዝ ከመሰቀሉ በፊት ይቀባ። መሬት ላይ ሆኖ በትንሽ ብሩሽ አሥር ሰከንድ የሚፈጅ ነው፤ ከተሰቀለ በኋላ ግን ጀርባውና ሥሩ አይደረስበትም።

መግጠም

የታችኛው ረድፍ ከአፈር ቢያንስ 150 ሚ.ሜ.፣ ከሲሚንቶ ወለል ወይም ከደረጃ 50 ሚ.ሜ.፣ ከጣሪያ ክዳን ከ25 እስከ 50 ሚ.ሜ. ይራቅ። ከመስኮት በላይ ካለው ላሜራ ደግሞ 6 ሚ.ሜ.። ከመሬት ነጥሮ የሚመለስ የዝናብ ጠብታ የታችኛውን ጠርዝ ቀን ከሌት ያረጥበዋል፤ ብዙ ቤቶች ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ረድፍ ነው።

በውሃ ልክ ወይም በሌዘር ዙሪያውን መስመር ያስምሩ። ከታች፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀርባ ውፍረቱ ከቦርዱ ጋር እኩል የሆነ ቀጭን መነሻ ቁራጭ ይመቱ፤ የመጀመሪያው ቦርድ እንደ ሌሎቹ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል የሚያደርገው እሱ ነው። የአየር ክፍተቱን እንዳይደፍን ግን በየሞራሌው ላይ ብቻ ይሁን።

ሚስማሩ በሙቅ ዚንክ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት፣ ጭንቅላቱ ሰፊ ይሁን። ባሕር ዳርቻ አካባቢ የማይዝገው ብቻ ይገባል። ወደ ቋሚው እንጨት ቢያንስ 32 ሚ.ሜ. ይዝለቅ፤ ቦርዱ 8፣ ሞራሌው 20፣ ቋሚው 32 ሲደመር 60 ሚ.ሜ. ሚስማር ማለት ነው። ከላይኛው ጠርዝ 25 ሚ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይመታል፤ የሚቀጥለው ረድፍ ይሸፍነዋል። ከቦርዱ ጫፍ ከ10 ሚ.ሜ. አይጠጋ። ከ240 ሚ.ሜ. የሚሰፋ ቦርድና ነፋስ የሚበረታበት ቦታ ፊት ለፊት መምታት (ሚስማሩ እየታየ በታችኛው ጠርዝ በኩል መምታት) ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ከሁለቱ አንዱን እንጂ ከላይም ከታችም አይምቱ። ቦርዱ በእርጥበት ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ በሁለት በኩል ሲያዝ መሃሉ ይሰነጠቃል።

የሚስማሩ ጭንቅላት ከቦርዱ ገጽ ጋር እኩል ይሁን። በአየር ግፊት መምቻ የሚሠራ ሰው ግፊቱን በቁራጭ ላይ ሞክሮ ያስተካክል። ጭንቅላቱ ወደ ውስጥ ከሰመጠ የላይኛውን ንብርብር ሰብሮታል፤ የሚይዘው ግማሹን ነው። እንዲህ ያለውን በማሸጊያ ደፍነው ከጎኑ ሌላ ይምቱ። ትንሽ ወጣ ብሎ የቀረውን በመዶሻ ማስገባት ይሻላል።

የቦርድ መገጣጠሚያ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ይረፍ። ከታች ካለው ረድፍ መገጣጠሚያ ቢያንስ ሁለት ቋሚ ይራቅ፤ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ውሃው እየተቀባበለ ይወርዳል። ሁለቱ ጫፎች ሳይጨናነቁ ይነካኩ፣ ከጀርባቸው ላሜራው ይግባና የታችኛውን ቦርድ ራስ ይደርብ። እዚህ ላይ ማሸጊያ አያስፈልግም። በማዕዘንና በመስኮት ክፈፍ ዳር ግን 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተውና በማሸጊያ ይሞላ። ንጹሕ ሲሊከን ቀለም አይዝም፤ ለቀለም የሚሆን የፖሊዩሪቴን ወይም የአክሪሊክ ማሸጊያ ይግዙ።

የማይታሸጉ ቦታዎችም አሉ፦ የረድፎቹ መደረቢያ ሥርና ከመስኮት በላይ ያለው 6 ሚ.ሜ. ክፍተት። ሁለቱም የውሃ መውጫ ናቸው። ለጥንቃቄ ብሎ የሚዘጋቸው ሰው ውሃውን ግድግዳው ውስጥ ይቆልፈዋል።

የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ግድግዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ጣሪያው ሲያልቅ ውሃውን ወደ አሸንዳው የሚያወጣ የታጠፈ ላሜራ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ካልኖረ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ በሙሉ በልባሱ ጎን ይገባል፤ የበሰበሰ ግድግዳ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው። ያልተቀባ አሉሚኒየም እርጥብ ሲሚንቶ ሲነካው ስለሚበላ ላሜራው የተቀባ ይሁን።

ቀለምና ክትትል

ቦርዱ ደርቆ፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ አክሪሊክ የሆነ የውጭ ቀለም ሁለት እጅ ይቀቡ። የታችኛውን ጠርዝ ከሥሩ ጭምር ይቀቡት፤ ከቆሙበት ስለማይታይ የሚረሳው እሱ ነው።

ዓመት ዓመት በውሃ ቱቦና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። በግፊት ማጠቢያ ማሽን ውሃው በመደረቢያው ወደ ላይ ስለሚገባ አይጠቀሙበት። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ በማግሥቱ ቤቱን ይዙሩ። ሌላው ሲደርቅ እርጥብ ሆኖ የቀረ ቦርድ ጫፍ ካለ ጠርዙ አልታሸገም፤ ነጭ የጨው ምልክት ከመገጣጠሚያ ሲወርድ ከታየ ከጀርባ ውሃ እየመጣ ነው፣ ከላይ ያለው ላሜራ ይፈተሽ። በአሸንዳ መውረጃ ቱቦ አጠገብና ከጣሪያው ማብቂያ ሥር ያሉትን ረድፎች በተለይ በእጅዎ ይጫኑ፤ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቦርድ ከጀርባው ያለው እንጨት ረጥቧል።